መጥኖ መደቆስ፦ የወፍጮው ሞተር ስንት አምፔር ይጠጣል?

የዛሬው ዝግጅቴ ከዙሪክ የደረሰኝን አንድ ደብዳቤ ይመለከታል።

ደብዳቤውን የጻፉልኝ የአንድ ወረዳ ልጆች ናቸው፤ ቁጥራቸው አሥራ አንድ። ከፊሎቹ በሆቴልና በአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ፤ የከፊሎቹ ወረቀት ደግሞ ገና በእንጥልጥል ላይ ነው። ያም ሆኖ በወር ሃያ ሃያ ፍራንክ እያዋጡ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆጥበው 5280 ፍራንክ አጠራቅመዋል። ዓላማቸው ለተወለዱበት ቀበሌ አንድ ወፍጮ መትከል ነው። አገሩ እናቶች እህል በጀርባቸው አዝለው ወፍጮ ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚጓዙበት፣ ጉልበቱ የከዳት ደግሞ ዛሬም መጅ ይዛ ከድንጋይ ወፍጮ ላይ የምታጎነብስበት ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ይህ ሁለተኛ ሙከራቸው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሞተር እዚያው አገር ቤት ተገዝቶ፣ ዳቦ ተቆርሶና ተመርቆ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር ተቃጠለ። የተከለው ባለሙያ «መብራቱ ነው» አለ፤ የመብራቱ ሰው «ሞተሩ ነው» አለ፤ እናቶችም ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። አሁን ልጆቹ ዙሪክ አጠገብ ከተዘጋ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያገለገለ ባለ 15 ኪሎ ዋት ሞተር በርካሽ አግኝተዋል። በሚቀጥለው ወር ኮንቴይነር ላይ ሊጫን ነው። ጥያቄያቸው እንዲህ ይላል፦ «ሞተሩ ስንት አምፔር ይጠጣል? አንዱ ጓደኛችን 15000ን ለ400 ቮልት አካፍሎ 37 ተኩል አለን። ሌላው ለ220 አካፍሎ 68 አለ። ማንን እንመን?»

ማንንም አትመኑ። ሁለቱም ሞተሩን እንደ ምጣድ ቆጥረውታል።

ምጣድና ሞተር

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሂሳቡ ቀላል ነው። ምጣዱ 3500 ዋት ከሆነና በ220 ቮልት ከሠራ፣ 3500ን ለ220 ስታካፍሉ 16 አምፔር ግድም ይወጣል። አለቀ። የገባው ኃይል ሁሉ ሙቀት ሆኖ እንጀራውን ያበስላል፤ ታርጋው ላይ የተጻፈውም ምጣዱ የሚበላው ኃይል ነው።

የሞተር ታርጋ ግን የሚናገረው ሞተሩ የሚበላውን ሳይሆን የሚሰጠውን ነው። 15 ኪሎ ዋት ማለት በዘንጉ በኩል ለወፍጮው የሚያስረክበው ጉልበት ነው፤ በድሮው አነጋገር 20 የፈረስ ጉልበት ያህል። ይህን ለመስጠት ከመስመሩ የበለጠ መውሰድ አለበት፤ ምክንያቱም ጥቂቱ በጥቅልሉ ሙቀት፣ ጥቂቱ በብረቱ፣ ጥቂቱም በኩሽኔታና በማራገቢያ ያልቃል። ይህ የሰጠውና የወሰደው ንጽጽር ብቃት ይባላል። የዚህን ሞተር ብቃት ከመቶ 90 ብንለው፣ 15ን ለ0.90 ስናካፍል 16.7 ኪሎ ዋት ከመስመሩ ይወስዳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ታርጋው ላይ «ኮስ ፊ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ሞተር የሚዞረው በመግነጢስ ነው፤ መግነጢሱን ለመፍጠር ደግሞ በሽቦው ውስጥ የሚመላለስ፣ እህል የማይፈጭ ፍሰት ያስፈልገዋል። ውሃ የቀዳች ሴት የምትሸከመው ውሃውን ብቻ አይደለም፤ እንስራውንም ነው። እንስራው አይጠጣም፤ ጀርባዋ ግን ክብደቱን ያውቀዋል። ሽቦውም እንደዚሁ ነው፤ ሥራ የሚሠራውን ፍሰትም ሥራ የማይሠራውንም አንድ ላይ ይሸከማል። ኮስ ፊ 0.85 ሲል እንስራው ምን ያህል እንደሚከብድ እየነገረን ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ፌዝ ነው። ለዚህ ደግሞ ከዙሪክ ልጆች የተሻለ ቦታ ላይ ያለ የለም።

ከኦርሊኮን የመጣ ነገር

ዙሪክ የምትኖሩ ሁሉ ባቡር ለመቀየር ኦርሊኮን ጣቢያ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ። በአገራችን ስሙ የሚታወሰው በጠላት ወረራ ዘመን በነበረው የአውሮፕላን መቃወሚያ መድፍ ነው። ለኤሌክትሪክ ሰው ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1891 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኦርሊኮን ማሽን ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ብራውን፣ ከበርሊኑ አ.ኤ.ጌ. ኩባንያ መሐንዲስ ከሚካኤል ዶሊቮ-ዶብሮቮልስኪ ጋር ሆኖ በዚያን ጊዜ የማይቻል ይባል የነበረውን ሠራ። ጀርመን አገር ላውፈን ከሚባል የወንዝ ዳር ከተማ የመነጨውን ኃይል በሦስት ሽቦ 175 ኪሎ ሜትር አሻግረው ፍራንክፈርት አደረሱት። ጄኔሬተሩ የተሠራው ኦርሊኮን ነበር። ፍራንክፈርት ላይ አንድ ሺህ አምፖል በራ፤ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተርም ውሃ ወደ ላይ እየገፋ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አወረደ። ከተላከው ኃይል ውስጥ ከመቶው 75 ያህሉ ደርሶ ነበር። ብራውን በዚያው ዓመት ከዋልተር ቦቬሪ ጋር ሆኖ ባደን ላይ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ኦርሊኮን በ1967 ከዚያ ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ፤ ከ1988 ወዲህ ደግሞ በየሞተሩ ታርጋ ላይ ኤ.ቢ.ቢ. ብለን የምናነበው ሆነ።

ሦስት ፌዝ ማለት ምን ማለት ነው? ሦስት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ተራ በተራ ሲወቅጡ አስቡ። አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች፤ ሙቀጫው ሥራ አይፈታም። ሦስቱ ሽቦዎችም እንደዚሁ እየተፈራረቁ ይገፋሉ፤ ስለዚህ ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ይዞራል፣ ሸክሙም ለሦስት ይከፈላል። ከአንዱ ፌዝ እስከ ኑዩትራል 230 ቮልት ሲሆን፣ ከፌዝ እስከ ፌዝ 400 የሚሆነው 230 በ1.732 ስለሚባዛ ነው። ይህ 1.732 የሚባለው ቁጥር የሦስት ፌዝ ሂሳብ ሁሉ ቁልፍ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡ

ለሦስት ፌዝ ሞተር ደንቡ ይህ ነው፦ የታርጋውን ዋት፣ በ1.732 × ቮልት × ኮስ ፊ × ብቃት ለሚገኘው ብዜት ማካፈል።

የዙሪኮቹ ሞተር ኮስ ፊ 0.85፣ ብቃቱ 0.90 ቢሆን፦ 1.732 × 400 × 0.85 × 0.90 = 530። 15000ን ለ530 ስናካፍል 28.3 አምፔር ይሆናል። በእያንዳንዱ ሽቦ የሚሄደው ይኸው ነው። 37 ተኩል ያለው ሰው 1.732ን ረስቷል፤ 68 ያለው ደግሞ ሞተሩን አንድ ፌዝ አድርጎታል። በ37 ተኩል መከላከያ ቢገባ ኖሮ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጠጣ ዝም ብሎ ያየው ነበር፤ በ68 ቢገባማ ጥቅልሉ ሲቃጠል አይነቃም።

ካልኩሌተር የሌለው ሰው በ400 ቮልት ለሚሠራ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ኪሎ ዋቱን በሁለት ያባዛ፤ 30 ይመጣል፣ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። አምፔሩ ታርጋው ላይ ተጽፎ ከተገኘ ግን ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው። ሂሳቡ የሚያስፈልገን ታርጋው ሲደበዝዝ፣ ወይም ሞተሩ የሚሄድበት አገር ቮልት ከታርጋው ሲለይ ነው። አገልግሎት ላይ ያለን ሞተር ደግሞ ሽቦ ሳይቆርጡ በመንጋጋው አቅፎ በሚለካ አምፔር ሜትር ማረጋገጥ ይቻላል። ሦስቱም ሽቦዎች ተመሳሳይ ቁጥር ማሳየት አለባቸው።

ከጄኔቫ አንድ ምስክር

ጄኔቫ ሲባል ለእኛ ቀድሞ የሚታወሰን በ1936 ግርማዊ ጃንሆይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙት ንግግር ነው። ለጎብኚ ግን ከሐይቁ ወደ ሰማይ የሚወነጨፈው ውሃ ነው። ይህ ፏፏቴ ለጌጥ የተሠራ አልነበረም። በ1886 የከተማይቱ የእጅ ባለሙያዎች ማሽኖቻቸውን የሚያዞሩት ከሮን ወንዝ በቧንቧ በሚመጣ ግፊት ያለው ውሃ ነበር። ማታ ሁሉም ማሽኑን ሲዘጋ ግፊቱ ቧንቧውን እንዳይፈነዳው ውሃው 30 ሜትር ያህል ወደ ላይ እንዲተነፍስ ይከፈትለት ነበር። በ1891 ለማየት ወደሚያመች ቦታ አዛወሩት። ዛሬ የምናየው ግን በ1951 የተተከለው ነው፤ በሰከንድ 500 ሊትር ውሃ 140 ሜትር ከፍ ያደርጋል።

ይህን የሚሠሩት እያንዳንዳቸው 500 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት ፓምፖች ናቸው፤ ቮልታቸው 2400 ነው። ኮስ ፊውን 0.90፣ ብቃቱን 0.94 አድርጌ ላስላው፦ 1.732 × 2400 × 0.90 × 0.94 = 3517። 500000 ለዚህ ሲካፈል ለአንዱ ሞተር 142 አምፔር ይሆናል። ይኸው ሞተር በ400 ቮልት ቢሠራ ኖሮ 853 አምፔር ይፈልግ ነበር፤ ሽቦውም የክንድ ያህል ይወፍር ነበር። ቮልት ስድስት እጥፍ ሲያድግ አምፔር በስድስት እጥፍ ይቀንሳል፤ ቮልት ሲወርድ ደግሞ አምፔር ይወጣል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ አገር ቤት ስንደርስ ትፈለጋለች።

ከቤት ውስጥ

ወደ ወፍጮው ከመመለሴ በፊት እዚሁ ለምንኖረው አንድ ምክር ልጣል። አንዳንድ ቤተሰብ በርበሬና ሽሮ የሚፈጭ ትንሽ ወፍጮ ገዝቶ ወጥ ቤት ያስገባል፤ ፊውዙ እየወደቀ ሲያስቸግረው ወፍጮውን ይራገማል። ወፍጮው አንድ ፌዝ፣ 1500 ዋት ነው እንበል። 1500ን ለ230 ያካፈለ ሰው 6.5 አምፔር አግኝቶ ይተኛል። ነገር ግን ኮስ ፊው 0.90፣ ብቃቱ 0.72 ከሆነ፣ 1500 ÷ (230 × 0.90 × 0.72) = 10 አምፔር ይሆናል። የተለመደው የስዊስ ግድግዳ ሶኬት ደግሞ የሚችለው 10 አምፔር ነው። ያውም ሌላ ዕቃ በዚያው መስመር ካልተሰካ። ስለዚህ ወፍጮው ጤነኛ ነው፤ ያልተቆጠረው ሂሳቡ ነው።

አገር ቤት ሲደርስ

አሁን ወደ ኮንቴይነራችን። ስዊስ 400 ቮልት፣ አገራችን 380 ቮልት ነው፤ ፍሪክዌንሲው በሁለቱም 50 ስለሆነ የሞተሩ ፍጥነት ብዙም አይለወጥም። በ380 ቮልት ይኸው ሞተር ሙሉ ሥራ ሲሠራ 29.8 አምፔር ይጠጣል። ይህ አያስፈራም። የሚያስፈራው መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለ ቀበሌ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ቮልቱ ወደ 340 ወርዶ ይገኛል። ወፍጮው ግን ያንኑ ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ አምፔሩ 33.3 ይደርሳል። ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ቀድሞ ይሮጣል፤ አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ከ28.3 ወደ 33.3 ማለት በጥቅልሉ ውስጥ ከመቶ 38 ያህል ተጨማሪ ሙቀት ነው።

በዚህ ላይ ከፍታ አለ። ሞተሮች የሚመዘኑት እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ላለ ቦታ ነው። ዙሪክ 400 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ላይ ነው። ደጋው ይበርዳልና ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። በ2500 ሜትር ላይ ከሞተሩ አቅም አሥር በመቶ ግድም መቀነስ የተለመደ ነው። ስለዚህ ዙሪክ ላይ 15 የነበረው ሞተር ደጋ ላይ 13 ተኩል ቢባል ይሻላል፤ ወፍጮውም በዚያ ልክ ይመረጥ።

ከዙሪክ ተነሥቶ ኢትዮጵያን ያገለገለው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረው ይህ ሰው በ1879 ሸዋ ገብቶ ምኒልክን ለረጅም ዘመን አገለገለ፤ በ1894 ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አስገባ፤ በ1916 ዙሪክ ላይ አረፈ። ውሃ ሽቅብ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉብታ ሲወጣ ያየው ሕዝብ ተደነቀ። ምሥጢሩ ግን ምንጩ ከጉብታው ከፍ ያለ መሆኑ ነው። መሣሪያው ከአውሮፓ ቢመጣም ልኩ የሚወሰደው ከአገሩ መሬት ላይ ነው።

አነሣሡና ሕመሙ

ሞተር ሲነሣ የሚጠጣው ሲሮጥ ከሚጠጣው ስድስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የእኛው ሞተር 170 አምፔር ግድም ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በኮከብ አስነሥቶ ወደ ሦስት ማዕዘን የሚያሸጋግር ማስነሻ ነው፤ የመነሻውን አምፔር ወደ ሲሶው፣ ወደ 57 ያወርደዋል። የመነሻ ጉልበቱም አብሮ ወደ ሲሶው ስለሚወርድ፣ ወፍጮው ባዶውን ይነሣ፤ እህሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ይጨመር። ማስነሻው የሚሠራው ግን ታርጋው ከሦስት ማዕዘኑ ምልክት ጎን 400፣ ከኮከቡ ጎን 690 የሚል ከሆነ ብቻ ነው። 230 እና 400 የሚል ሞተር በዚህ ማስነሻ ወደ ሦስት ማዕዘን የተሸጋገረ ቀን ይቃጠላል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ታርጋውን አንብቡ።

ሁለተኛው ሕመም የፌዝ መጉደል ነው። ከሦስቱ አንዱ ፊውዝ ቢበጠስ እየሮጠ ያለ ሞተር አይቆምም፤ እያጉረመረመ በሁለቱ ይቀጥላል። የሁለቱ አምፔር ግን ወደ 1.73 እጥፍ ያድጋል፤ 28.3 የነበረው 49 ይሆናል። ባለ 63 ብሬከር ይህን አይሰማም። የሚሰማው በታርጋው አምፔር ልክ የተሞላ ኦቨርሎድ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ኦቨርሎዱ ከዋናው መስመር ላይ ከገባ በ28.3 ይሞላል፤ ከማስነሻው ውስጥ ወደ ሞተሩ በሚሄዱት ስድስት ሽቦዎች መንገድ ላይ ከገባ ግን በ0.58 ተባዝቶ በ16.4 መሞላት አለበት። ብዙ ሞተር የሚቃጠለው ኦቨርሎድ ሳይኖረው ቀርቶ ሳይሆን፣ «ቶሎ ቶሎ ይወድቃል» ተብሎ ወደ ላይ ስለሚጠመዘዝ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ኦቨርሎድ እየተናገረ ነው፤ አፉን አትዝጉት።

የመጀመሪያው ሞተር ማን እንዳቃጠለው ክርክሩ አልበረደም ብላችኋል። ክዳኑ ይከፈትና ጥቅልሉ ፎቶግራፍ ይነሣ። ሦስቱም ክፍሎች እኩል ከጠቆሩ፣ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል ወይም ቮልቱ ወርዶበታል። በኮከብ የታሰረ ሞተር ሁለቱ ክፍሎች ጠቁረው አንዱ ንጹሕ ከሆነ፣ ወይም በሦስት ማዕዘን የታሰረው አንዱ ብቻ ጠቁሮ ሁለቱ ንጹሕ ከሆኑ ግን ፌዝ ጎድሎበታል ማለት ነው። ጥቅልሉ ወገን የለውም፤ የሆነውን ይናገራል።

በኮንቴይነሩ ውስጥ የሚገባ

እንግዲህ የዙሪክ ልጆች ሆይ፣ ሞተሩን ብቻውን አትላኩት። አንደኛ፣ ማስነሻውና ኦቨርሎዱ አብረው ይሂዱ፤ አንድ ፌዝ ሲጎድል ወዲያው የሚያቋርጥ መሣሪያም ይጨመር፣ ከሞተር ማስጠቅለል በብዙ ይረክሳል። ሁለተኛ፣ 40 አምፔር የሆነ፣ የሞተር አነሣሥ የሚታገሥ ዓይነት ብሬከር ግዙ። ሦስተኛ፣ ከምሰሶው እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለውን ርቀት አስለክታችሁ ንገሩኝ። 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በ100 ሜትር ላይ 12 ቮልት ግድም ይበላል፤ 200 ሜትር ከሆነ 24። ከ100 ሜትር በላይ ከሆነ 10 ወይም 16 ካሬ አድርጉት። አራተኛ፣ በጄኔሬተር ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ሞተሩ ሲሮጥ የሚፈልገው 20 ኪሎ ቮልት-አምፔር ግድም ቢሆንም ለአነሣሡ የዚያን ሁለትና ሦስት እጥፍ አስቡ።

አምስተኛውና ዋነኛው ወረቀት ነው። የታርጋውን ቁጥሮች፣ የ400፣ የ380 እና የ340 ቮልት አምፔሮችን፣ ኦቨርሎዱ የሚሞላበትን ቁጥር በአማርኛ ጽፋችሁ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከማስነሻው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት። እናንተ ዙሪክ፣ እኔ ጄኔቫ ሆነን ወፍጮው አንድ ማለዳ ሲያጉረመርም አንሰማውም። እዚያ የሚገኘው አንድ የአካባቢው ልጅ ነው፤ በእጁ ቁጥር ካለው ማንም «መብራቱ ነው»፣ «ሞተሩ ነው» እያለ አያሰናብተውም። ለክቶ ያሳያል።

አበው መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ያሉት ለድስቱ ብቻ አይደለም። ርቀቱ ተለክቶ ሲደርሰኝ የሽቦውን ሂሳብ በዚሁ ገጽ አወጣዋለሁ። እስከዚያው ሰላም ሰንብቱ።